ሕመሙ ሲቆም ጠጠሩ ወጣ ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ አንድ ጽሑፍ በወረቀት ይዛልኝ መጣች። ርእሱ «የኩላሊት ጠጠርን በ7 ቀን፣ ከቤት ሳይወጡ» ይላል። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አንዷ አትማ፣ ሻይ የሚፈላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ያየው ሁሉ ፎቶ እያነሣ ለዘመዱ ይልካል። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሁለት ጊዜ ታመህበታል። እስኪ እየውና እውነት መሆኑን ንገረኝ» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ሰው እንዳይሰቃይ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። ከነገሩ ውስጥ እውነት ያለበትም አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። የቀረው ግን ሰው ይጎዳል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ባሕር ዳር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሁለት ጊዜ ጠጠር ስላሰቃየኝ ግን ሐኪሞቼ የነገሩኝንና ያነበብሁትን ደብተር ላይ መያዝ ከጀመርሁ ቆየሁ። ይህን ምላሽ የምጽፈው ከዚያ ደብተር ነው።

ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ጠጠር የሚመጣው ከጤፍ አሸዋና ከጣና ውሃ ነው። ጠጠር ያለበት ሰው ወተት፣ አይብና ጎመን ይተው። ሎሚ በዘይት ተደርጎ ለ7 ቀን በባዶ ሆድ ከተጠጣ ማንኛውንም ጠጠር ያሟሟል። ሕመሙ ሲነሣ 5 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ፣ እሱ ካቃተ ቢራ ይጠጣ፤ ገፍቶ ያወጣዋል። ጾም የኩላሊት ጠላት ነው። በመጨረሻም፣ ሕመሙ ከቆመ ጠጠሩ ወጥቷልና ሐኪም ቤት መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር። እኔን ኩላሊት ሊያሳጣኝ የነበረው እሱ ነው።

ጊዜው 2009 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግራ ጎኔን አንድ ነገር ወግቶ አነቃኝ። ጋዝ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሕመሙ ወደ ብሽሽቴ ወረደ። ብተኛ አልችልም፤ ብቀመጥ አልችልም፤ ብቆምም አልችልም። ወለሉ ላይ ተንከባለልሁ። አስመለሰኝ። ባለቤቴ ጎረቤት ቀስቅሳ ባጃጅ አስመጣች። ሦስት ልጅ የወለደች ሴት ናት፤ ያን ሌሊት እኔን አይታ ያለቀሰችው ግን ምጥዋን አስታውሳ ነው።

በአቅራቢያችን ወደነበረ ክሊኒክ ወሰዱኝ። የዲክሎፌናክ መርፌ ወጉኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ሰው መተንፈስ ጀመርሁ። ሲነጋ «ጠጠር ነበር፤ ወርዷል፤ ውሃ ጠጣ» ተብዬ ወጣሁ። አልትራሳውንድ አልታየልኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ሕመሙ ቆሟል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ጽሑፉ የሚለውን ነገር ማንም ሳይነግረኝ በራሴ አምኜው ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ለደም ግፊት ምርመራ ሄድሁ። ሐኪሟ እንደዋዛ «ጎንህን የሚያምህ ነገር አለ?» አለችኝ። አልፎ አልፎ ይከብደኛል አልኋት። አልትራሳውንድ አዘዘች። ግራ ኩላሊቴ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ውስጥ ተሰንቅሯል። ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ነበር። እኔ ሦስቱንም ወር ክፍል ገብቼ ሳስተምር ከርሜአለሁ፤ ሰርግም በልቻለሁ።

ያኔ ነው የሕመሙን ነገር የተረዳሁት። የሚያሰቃየው የጠጠሩ ሹልነት ብቻ አይደለም። ሽንት መውረጃ አጥቶ ኩላሊቱን ሲወጥረው ነው ያ ሁሉ ጩኸት የሚመጣው። መዘጋቱ ሲቆይ ኩላሊቱ ውስጥ የሚገባው ደም ይቀንሳል፤ የሚያጣራው ሽንትም ይቀንሳል። ውጥረቱ ሲላላ ሕመሙ አብሮ ይላላል። ሰውየው ዳንሁ ይላል። ኩላሊቱ ግን እየደከመ ነው። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳምንታት ከቆየ፣ ጠጠሩ በኋላ ቢወጣም ኩላሊቱ ወደ ቀድሞ አቅሙ ላይመለስ ይችላል። የእኔ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ነበር። በሽንት መውጫ በኩል በገባ ቀጭን መሣሪያ ጠጠሩን ሰባብረው አወጡልኝ። ስቴንት የሚሉትን ቀጭን ቱቦ አስገብተውልኝ ሦስት ሳምንት ይዤ ቆየሁ። ኩላሊቴ ተረፈ።

ስለዚህ ጸሐፊው «ሐኪም ቤት መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው» ያሉበትን መስመር እባክዎ ያውጡት እላቸዋለሁ። አልትራሳውንድ ኩላሊት ማበጡን ያሳያል። ቱቦው መሀል ያለውን ጠጠር ግን ሁልጊዜ አያሳይም፤ ለእሱ ሲቲ ስካን ይበልጣል። ሁሉም ሰው ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ጠጠር ያመመው ሰው ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ ጠጠሩ መውጣቱን ወይም አለመውጣቱን በምስል ያረጋግጥ ነው የምለው።

ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ከሁሉ የከበደ ነገር ደግሞ ትኩሳት ነው። አንድም ቦታ አልተነሣም። የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ ሎሚ አይጨመቅ፤ ነገም አይባል። የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ገባ ማለት ሊሆን ይችላል። ያ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ተሰራጭቶ ሰው ይገድላል። አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ የታቆረው ሽንት በቱቦ መውጣት አለበት። ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ ማስመለሱ አላቆም ካለ፣ ሰውየው አንድ ኩላሊት ብቻ ካለው፣ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ እነዚህም በዚያው ሌሊት የሚያስኬዱ ናቸው።

አሁን ወደ ጤፉ እንሂድ። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እናቴ ጤፍ ስታነፍስ ሰፌዱን ደጋግማ የምታንቀረቅበው «አሸዋው ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል» ብላ ነው። ለምን እንደታመነ ይገባኛል። ጤፍ አውድማ ላይ ነው የሚወቃው፤ አፈር አያጣውም። እንጀራ ስንበላ ጥርሳችን ስር ቅጭጭ ሲል የማያውቅ የለም። ከዚያ ሐኪም «ኩላሊትህ ውስጥ ጠጠር አለ» ሲል ሰው ሁለቱን ያገናኛል። ስሙ ራሱ ያሳስታል።

ነገር ግን ከአንጀት ወደ ኩላሊት የሚሄድ ቱቦ የለም። አሸዋ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እንደገባ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ኩላሊት የሚያገኘው ደም ውስጥ የሟሟውን ብቻ ነው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህል ነው። ያ ሽንት ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድና ሌላም ነገር ሟምቶበታል። ውሃው ሲያንስ ምን እንደሚሆን ተማሪዎቼን በሻይ ነው የማሳያቸው። ትንሽ ሻይ ላይ ብዙ ስኳር ስታደርጉ የማይሟሟው ከሥር ይዘቅጣል። ጠጠርም እንደዚሁ ነው። እዚያው ኩላሊት ውስጥ ከሽንት ረግቶ ይሠራል እንጂ ከውጭ ገብቶ የሚቀመጥ ድንጋይ አይደለም። እናቴ ጤፉን ማንፈሷ ለጥርሳችን ጥሩ ነበር።

የጣና ውሃም እንዲሁ ነው። የከተማችን ቧንቧ በዋናነት የሚጠጣው ከምንጭና ከጉድጓድ እንጂ ከሐይቁ አይደለም። ሐይቁን ሳይታከም የሚጠጣ ሰው ሌላ ችግር አለበት፤ ተቅማጥና ታይፎይድ አለ። ውሃው ውስጥ ለሚገባ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ለእነዚህ አፍልቶ መጠጣት ወይም ውሃ አጋር መጨመር፣ ሐይቁ ዳር አለመዘፍዘፍ ይረዳል። ለጠጠር ግን ዋናው ጥያቄ ውሃው ከየት መጣ የሚለው አይደለም፤ ስንት ጠጣህ ነው። ጽሑፉን አንብቦ የቧንቧ ውሃ የፈራ ሰው ውሃ ይቀንሳል። ያኔ ምክሩ ራሱ ጠጠር ይሠራል።

ወተትና አይብ ይቅር የሚለው ምክር እንኳን እዚህ፣ ሐኪሞችም ድሮ ሲሰጡት የነበረ ነው። ጸሐፊውን አልወቅስም። አብዛኛው ጠጠር ካልሲየም ያለበት ስለሆነ ካልሲየምን መቀነስ ትክክል ይመስላል። እኔም ከመጀመሪያው ጠጠር በኋላ ለአንድ ዓመት እርጎ አልቀመስሁም። ተሳስቻለሁ። ጣሊያን አገር ሽንታቸው ውስጥ ካልሲየም የሚበዛባቸውንና ጠጠር የሚመላለስባቸውን 120 ወንዶች ሁለት ቦታ ከፍለው 5 ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ግማሾቹ ካልሲየም ቀነሱ። ሌሎቹ ካልሲየሙን እንደ ማንኛውም ሰው እየበሉ ጨውና ሥጋ ቀነሱ። ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱ ጠጠር ተመለሰባቸው። ከሌሎቹ 60 ግን 12 ብቻ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ከአትክልት ይመጣል። አንጀት ውስጥ ካልሲየም ካገኘ ይጣበቅበትና አብሮት ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ካልሲየም ከሌለ ብቻውን ወደ ደም፣ ከደም ወደ ኩላሊት ይሄዳል። እዚያ ነው ካልሲየም አግኝቶ ጠጠር የሚሆነው። እንግዲህ ጎመን በአይብ የሚያቀርቡ እናቶቻችን ሳያውቁት ትክክሉን ሲያደርጉ ኖረዋል።

ስለ ጎመንም አንድ ነገር። ጎመን ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው፤ ከጠጠር ጋር የሚያጣላው ነገር የለም። ኦክሳሌት የሚበዛበት ቆስጣ፣ ስፒናችና ቀይ ሥር ነው። ጽሑፉ ጎመንን ከልክሎ ቆስጣን ዝም ብሎ አልፏል። ጎመን ትቶ በምትኩ በየቀኑ ቆስጣ የሚበላ ሰው ከነበረበት ይብሳል። ቆስጣም ቢሆን አልፎ አልፎ፣ ከአይብ ወይም ከእርጎ ጋር ቢበላ ብዙ አያስፈራም። የጠጠር ሕመም አለብኝ ብሎ አትክልት ሁሉ የተወ ሰው አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አትክልትና ፍራፍሬ በጥቅሉ ጠጠርን ይከላከላል። ካልሲየም ከምግብ ነው የምለው እንጂ ከኪኒን አይደለም። የካልሲየም ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። 1000 ሚሊ ግራም የቫይታሚን ሲ ኪኒን በየቀኑ የሚያሟሙም አሉ። የተረፈው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል፤ ጠጠር ያየ ሰው ይተወው።

ጨው። ጽሑፉ ስለ ጨው አንዲት ቃል የለውም። እኔ ጽሑፉን ብጽፈው ከውሃ ቀጥሎ የምጽፈው እሱን ነበር። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በሽንት ሲወጣ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። ጨው በበላን ቁጥር ሽንታችን ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አሁን የኛን ማድቤት አስቡት። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ወጡ ሲወጣ እንደገና «ጨው ቀምሼ» ይባላል። ቋንጣው፣ አዋዜው፣ ከሱቅ የሚገዛው ቺፕስ አለ። በየገጠሩ ቡናም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ። እኛ ቤት በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨት የጀመርነው በ2010 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ ጨው ወጡ ላይ ብቻ፣ በመጨረሻ፣ ትንሽ ታደርጋለች። የመጀመሪያው ወር ምግቡ ጣዕም አጣብኝ። ከዚያ ምላስ ይለምዳል። አሁን ሰው ቤት ስበላ ነው የሚጎመዝዘኝ።

ሥጋም አለ። ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ሲበዛ ሽንት አሲዳማ ይሆናል፤ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፤ ጠጠር የሚከላከለው ሲትሬት ይቀንሳል። ከሁሉም ጉበትና ዱለት ይከፋሉ። እኛ የጣና ልጆች ዓሣን እንደ ሥጋ አንቆጥርም። ለጠጠር ግን ቀረሶውም አምባዛውም ከሥጋ ወገን ናቸው። መተው አያስፈልግም። በየቀኑ ሁለቴ ማድረጉ ነው ችግሩ።

ወደ ሎሚው ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሎሚ ውስጥ ሲትሬት አለ። ሲትሬት ሽንት ውስጥ ካልሲየምን ይዞ ከኦክሳሌት ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሎሚ አዲስ ጠጠር እንዳይሠራ ሊያግዝ ይችላል። እኔም እጠጣለሁ፤ የዘጌ ሎሚ ሲገኝማ ደስ ይለኛል። ነገር ግን መከላከል አንድ ነገር ነው፤ የረጋን ማሟሟት ሌላ ነገር ነው። ሎሚ ኮምጣጣ ስለሆነ ጠጠሩን ይበላዋል ብሎ ማሰብ ተማሪዎቼም የሚሉት ነው። የጠጣነው ሎሚ እንደ ሎሚ ሆኖ ኩላሊት አይደርስም። ሰውነት ሲጠቀምበት እንዲያውም የሽንትን አሲድነት ይቀንሳል። የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ደግሞ አንዴ ከረጋ በ7 ቀንም በ70 ቀንም በሎሚ አይሟሟም። ዘይቱማ አንጀት ውስጥ ይፈጫል፤ ኩላሊት ዘንድ አይደርስም። በባዶ ሆድ መጠጣቱ ጨጓራ ያለበትን ሰው ያቃጥለዋል፤ ጥርስም ይበላል። ሎሚ የምትጠጡ በብዙ ውሃ በጥብጡት፤ ስኳር አትጨምሩበት፤ ከዚያ አፋችሁን ተጉመጥመጡ።

በመድኃኒት የሚሟሟ ጠጠር አለ። እሱ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ነው። ሽንቱ አሲድነቱ እንዲቀንስ የሚያደርግ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፖታሲየም ሲትሬት፣ በሐኪም ትእዛዝና በክትትል ሲወሰድ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ምናልባት ጸሐፊው ሲሟሟ ያዩት ጠጠር የዚህ ዓይነቱ ይሆናል። ወይም ትንሽ ጠጠር ሆኖ በራሱ ወጥቶ ይሆናል። 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛው ሎሚ ተጠጣም አልተጠጣም በራሱ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ሎሚ የጠጣ ሰው ሎሚውን ያመሰግናል። ጠጠሩ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ቱቦው ታች ላይ ሲደርስ ሐኪሞች ታምሱሎሲን የሚባል ቱቦውን የሚያላላ ኪኒን ሊያዙ ይችላሉ። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በራሱ መውጣቱ ብርቅ ነው።

5 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ፣ ወይም ቢራ፤ ሁለቱንም አትሞክሩ። ቱቦው ተዘግቶ እያለ ከላይ ውሃ ሲጨመርበት ውጥረቱ ይብሳል፤ ያስመልሳል። ጠጠሩንም ቶሎ አያስወጣም። ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ መጠጣት የደምን ሶዲየም አውርዶ ራስ ያስታል። ሕመሙ ሲነሣ እንደ ጥማታችሁ ጠጡ፤ ማስታገሻ ውሰዱ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለዚህ ሕመም ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ግን የኩላሊት ድካም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም እርግዝና ያለባት ሰው ያለ ሐኪም አትውሰድ። ቢራም ጠላም ሽንት ያበዛሉ፤ ከዚያ ሰውነትን አድርቀው ይተዋሉ። ጠዋት የሚሸናውን ሽንት ቀለሙን ያየ ያውቀዋል።

ስለ ጾም የተጻፈው አሳዘነኝ። እናቴ ጽሑፉን ሰምታ «ታዲያ ሁዳዴን ልተው?» አለች። የጾም ምግብ ራሱ ለጠጠር መጥፎ አይደለም። ሥጋ የለበትም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አለ። ጤፍ ራሱ ካልሲየም አለው። ችግር የሚሆነው ውሃ ሳይጠጣ የሚታለፈው ሰዓት ነው። ሁዳዴ ደግሞ የሚውለው ባሕር ዳር በሚሞቅበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ሽንቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ጠጠር ያለበት ጾመኛ ከ9 ሰዓት በኋላ እስከ መኝታው ውሃውን አከፋፍሎ ይጠጣ፤ ሌሊት ሲነቃም ይጠጣ። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቻችንም ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር እንዲሁ ያድርጉ። ጠጠሩ የሚመላለስበት ወይም ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሐኪሙ የነገረውን ለንስሐ አባቱ ያስረዳ። አባቶች ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም። እናቴ እንዲያ አድርጋ ነው የምትጾመው።

ጽሑፉ ከ7 ቀን በኋላ «ስለ ጠጠር ይርሱ» ብሎ ነው የሚያበቃው። እውነቱ ግን እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው። አንድ ጊዜ ጠጠር ከያዘው ሰው ግማሽ ያህሉ ምንም ካላደረገ በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና ይይዘዋል። እኔን ከ5 ዓመት በኋላ መልሶ ያዘኝ። በ2014 ዓ.ም. ነው። ጨውን ቀንሼአለሁ፣ እርጎም ጀምሬአለሁ። ውሃውን ግን ችላ ብዬ ነበር። ክፍል ውስጥ ቆሜ አራት አምስት ክፍለ ጊዜ ሳስተምር አንድ ብርጭቆ አልጠጣም።

ውሃ ብዙ ጠጣ ማለት ቀላል ነው። ልኩ ግን በምንጠጣው ሳይሆን በምንሸናው ነው የሚለካው፤ በቀን 2 ሊትር ተኩል ሽንት። ለዚያ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ የሚሠራ ሰው 3 ሊትርና ከዚያ በላይ መጠጣት አለበት። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ይወቅ። ጣሊያኖቹ ይህንንም መዝነውታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ጥናታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የወጣላቸውን ሰዎች ግማሾቹን ብዙ ውሃ እንዲጠጡ አደረጉ። በ5 ዓመት ከ99ኙ 12 ሰዎች ተመለሰባቸው። ምንም ካልተነገራቸው 100 ሰዎች ግን 27ቱ። ሌላ መድኃኒት የለበትም፤ ውሃ ብቻ ነው።

ግን የሚከብደው እውቀቱ አይደለም። ጎረቤታችን ባጃጅ ይነዳል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ጠጠር አለው። «ጋሼ፣ ውሃ ከጠጣሁ የት ልሽና? ሰው ጭኜ እየሄድሁ ልቁም?» አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬም ያንኑ ነው ያለችኝ። ለሴት ይብሳል። ሽንት ቤት ስለሌላት ከጠዋት እስከ ማታ ጉሮሮዋን አታርስም። ጀልባና ታንኳ ላይ የሚውሉት ደግሞ ዙሪያቸው ውሃ ሆኖ የሚጠጣ ውሃ ሳይዙ ይውላሉ። እኔ ለእነዚህ ሰዎች «3 ሊትር ጠጡ» ብዬ መሄድ አልችልም። ከተማው ገበያውና መናኸሪያው አጠገብ ንጹሕና ሴት የማትፈራው ሽንት ቤት ቢኖረው ብዙ ኩላሊት ይተርፍ ነበር። እስከዚያው ከባጃጁ ልጅ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ሳይወጣ ሁለት ብርጭቆ ይጠጣል። 1 ሊትር ሃይላንድ ይዞ እየተጎነጨ እስከ ምሳ ይጨርሳል። ምሳ የሚበላበት ቤት ሽንት ቤት አለ፤ እዚያ ይሸናል፤ ሃይላንዱን ይሞላል። ማታ ቤቱ ሲገባ የቀረውን ያካክሳል። ሽንቱ እንደ ገለባ ቀለም ቀለል ካለ በቃው። እንደ ጠላ ከጠቆረ አልጠጣም ማለት ነው። ሁለት ወር ሆነው፤ ይዞታል። የሽንኩርቷን እትዬ ግን እስካሁን መላ አላገኘሁላትም።

እኔ ራሴ ጠረጴዛዬ ላይ ሃይላንድ አስቀምጬ በየክፍለ ጊዜው ሦስቴ እጎነጫለሁ። ልጆቹ ለምደውታል፤ ስረሳ ያስታውሱኛል። ስተኛ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ ሌሊት አንዴ ለሽንት ስነሣ ግማሽ እጨምራለሁ። ሌሊት ሽንት በጣም የሚወፍርበት ሰዓት ነው።

ሌላው ጸሐፊው ያላነሡት፣ ጠጠሩ ሲወጣ መያዝ ነው። ሁለተኛዬን በሻይ ማጥለያ ነው የያዝኋት። በቀን ስንት ጊዜ ብሸና በማጥለያው አሳልፌ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ቅጭል ብላ ቀረች። ቡናማ፣ እሾሃማ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ናት። አድርቄ በንጹሕ ብልቃጥ ለሐኪሜ ወሰድሁ። ተመርምራ የካልሲየም ኦክሳሌት ሆነች። የጠጠሩ ዓይነት ሲታወቅ ምክሩም ይለያል። ዩሪክ አሲድ ከሆነ ሥጋው ላይ ይጠነክራሉ፣ የሚያሟሟ መድኃኒትም ይሰጣሉ። በኢንፌክሽን የሚመጣ ከሆነ ኢንፌክሽኑን ያጠፋሉ። በልጅነት የጀመረ ወይም በቤተሰብ የሚተላለፍ ከሆነ ሌላ ምርመራ ይጨምራሉ። ለሁሉም ጠጠር አንድ ብርጭቆ የሚያዝ ጽሑፍ ይህን ሊነግረን አይችልም። ጠጠሯ ብትጠፋባችሁም የደምና የሽንት ምርመራ ብዙ ይናገራል፤ ጠይቁ።

እኔ በዓመት አንዴ፣ ኅዳር ላይ፣ አልትራሳውንድ እታያለሁ። ባለፈው ኅዳር ሁለቱም ኩላሊቶቼ ንጹሕ ናቸው ተባልሁ።

እህቴ ይህን ነገ ወስዳ ከዚያኛው ወረቀት ጎን ትለጥፈዋለች። የትኩሳቱን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ።